ከደሴ ጅዳ፦ ርቀቱንና የበረራውን ሰዓት በራስ ማስላት

ደሴ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከክፍል ውጭ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ግን ስለ ተራራ ወይም ስለ ወንዝ አይደለም፤ «መምህር፣ ጅዳ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» የሚለው ነው። ልጃቸውን የሚሸኙ እናት ይጠይቁኛል፤ ለዑምራ የሚሰናዱ አዛውንት ይጠይቁኛል፤ ወንድሟ በሌሊት ቦሌ የሚያርፍላት ወጣት ትጠይቀኛለች። ለሁሉም «ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ» ብዬ ማለፍ እችላለሁ፤ መልሱም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ይህን መልስ ብቻ ይዞ ከቤቱ የተነሣ ሰው አውሮፕላኑ ጥሎት ሊሄድ ይችላል። ከደሴ የሚነሣ መንገደኛ ጊዜው የሚያልቀው በሰማይ ሳይሆን በምድር ነው። ቀኑን የሚያሳስተውም የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የሰዓትና የቀን አቆጣጠሩ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላስቀምጠው። ወረቀት፣ እርሳስና የስልክ ካልኩሌተር ካላችሁ ይበቃል።

ርቀቱን ከዲግሪ ማውጣት

በመጀመሪያ አውሮፕላኑ የሚነሣባትን የአዲስ አበባንና የሚያርፍባትን የጅዳን ኬክሮስና ኬንትሮስ ፈልጉ፤ ኬክሮስ የሰሜንና የደቡብ ዲግሪ፣ ኬንትሮስ የምሥራቅና የምዕራብ ዲግሪ ነው። የስልክ ካርታ ላይ ቦታውን በጣት ተጭኖ መያዝ ቁጥሮቹን ያወጣል፤ አትላስ ያለው ከአትላሱ ይውሰድ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 9 ዲግሪ ሰሜንና 38.8 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ላይ ነው። የጅዳው የንጉሥ አብዱልአዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 21.7 ዲግሪ ሰሜንና 39.2 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል። ሁለተኞቹን ቁጥሮች አስተያዩአቸው፤ እኩል ለመሆን ምንም አልቀራቸውም። ጅዳ ከአዲስ አበባ ቀጥ ብላ በሰሜን ናት ማለት ነው።

ከተሞቹ እንዲህ በሰሜንና በደቡብ ሲሰለፉ ሥራው ቀላል ነው። የኬክሮሳቸውን ልዩነት በ111 ማባዛት ብቻ ነው። 111 የመጣው ከምድር ዙሪያ ነው፤ በሁለቱ ዋልታዎች በኩል ምድርን የሚዞር መስመር 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ለ360 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። ከ21.7 ላይ 9 ሲቀነስ 12.7 ነው፤ በ111 ሲባዛ 1,410 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአዲስ አበባና የጅዳ የአየር ርቀት ይኸው ነው።

አሁን ደሴን በአዲስ አበባ ቦታ ተኩት። ደሴ 11.1 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከጅዳ ያላት ርቀት ወደ 1,175 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። እኛ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለጅዳ እንቀርባለን። መንገደኛችን ግን መጀመሪያ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከዚያ አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ይመለሳል። ከቦሌ ጅዳ ካርታ ላይ ማስመሪያ ብታስቀምጡ መስመሩ ከደሴ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በእኛው በወሎ ቦረናና በሳይንት በኩል ያልፋል። አብራሪው የሚከተለው የአየር መንገድ ከዚህ መስመር ሊለይ ይችላል። ሆኖም ከኮምቦልቻ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ቢኖር ጅዳ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይደረስ ነበር። ይህ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ ስንት አዛውንት ከጣርማ በር ቁልቁለት ይድኑ ነበር!

ከተሞቹ በምሥራቅና በምዕራብም የሚራራቁ ከሆነ አንድ ደረጃ ይጨመራል። ዱባይን ውሰዱ፤ 25.3 ሰሜንና 55.4 ምሥራቅ ላይ ናት። የኬክሮሱ ልዩነት 16.3 ነው፤ በ111 ሲባዛ 1,809 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የኬንትሮሱ ልዩነት 16.6 ዲግሪ ነው፤ ይህን ግን በ111 አታባዙት። የኬንትሮስ መስመሮች እንደ ተላጠ ብርቱካን ክፍልፋዮች መሐል ላይ ሰፍተው ወደ ጫፎቹ እየጠበቡ ይሄዳሉ። የአንዱ ዲግሪ ስፋት ምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በ10 ዲግሪ ኬክሮስ 110፣ በ20 ዲግሪ 105፣ በ30 ዲግሪ 96፣ በ40 ዲግሪ 85 ይሆናል። በአዲስ አበባና በዱባይ መካከል ያለው ኬክሮስ 17 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 106ን እንይዛለን፤ 16.6 በ106 ሲባዛ 1,760 ይመጣል። ከዚህ በኋላ ያለው ተማሪዎቼ «ምን ያደርግልናል?» እያሉ የሚያጉረመርሙበት የፓይታጎረስ ሕግ ነው። የ1,809ንና የ1,760ን ስኩዌር ደምራችሁ ስኩዌር ሩቱን ስታወጡ 2,524 ኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል። በሳይንሳዊ ቀመር ከሚገኘው ውጤት የሚለየው ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው። በዚሁ መንገድ ሪያድ ከአዲስ አበባ 1,960 ኪሎ ሜትር፣ ቤይሩት ደግሞ 2,780 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

ለሩቅ ከተሞች ይህ ዘዴ አይሠራም። ዋሽንግተንን በዚህ መንገድ ብታሰሉ በጣም ትሳሳታላችሁ፤ ምክንያቱም በዚያን ያህል ርቀት የምድር ክብነት ሒሳቡን ያፈርሰዋል። ያኔ ሉልና ክር ያስፈልጋል። ክሩን ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን አጥብቃችሁ ሳቡት። ዝርግ ካርታ ላይ ወደ ምዕራብ የሚሄድ የሚመስለው ጉዞ በሉል ላይ በሊቢያ፣ በአልጄሪያና በስፔን በኩል ሲያልፍ ታያላችሁ፤ አጭሩ መንገድም እሱ ነው። ከዚያ ያንኑ ክር ምድር ወገብ ላይ ዘርጉትና ስንት ዲግሪ እንደሸፈነ ቁጠሩ። 104 ገደማ ነው፤ በ111 ሲባዛ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ክፍል ውስጥ ይህን ስናደርግ ክሩ ወደ አውሮፓ ሲታጠፍ ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ ተነሥተው ይመጣሉ።

ከኪሎ ሜትር ወደ ሰዓት

ለጄት አውሮፕላን ርቀቱን ለ800 አካፍሉና ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ጄት ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ተነሥቶ ከፍታውን እስኪይዝ፣ ለማረፍም ዝቅ ሲል ግን ቀስ ይላል። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ደግሞ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ ወደ መንደርደሪያው ሲያመራ ጀምሮ፣ አርፎ መውረጃው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። ግማሽ ሰዓቱ ለዚህ ሁሉ ነው። ጅዳ፦ 1,410 ለ800 ሲካፈል አንድ ሰዓት ከ46 ደቂቃ፤ ከግማሽ ሰዓቱ ጋር ሁለት ሰዓት ከሩብ። ሪያድ፦ ሦስት ሰዓት ገደማ። ዱባይ፦ በሒሳባችን ሦስት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመጣል፤ ቲኬት ላይ ግን አራት ሰዓት አካባቢ ታገኙታላችሁ። አውሮፕላን ሁልጊዜ እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ የተፈቀዱ የአየር መንገዶችን ይከተላል፤ የተዘጋ የአየር ክልልም ይዞራል። ጦርነቱ በተጀመረበት በ2013 ዓ.ም. የአገራችን የሰሜኑ የአየር ክልል ለበረራ ተዘግቶ እንደነበር እናስታውሳለን። እንዲህ ባለ ጊዜ ርቀቱ ሳይለወጥ ሰዓቱ ይረዝማል።

ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ የሚበረው ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 አውሮፕላን ነው። ለሱ በ800 ፋንታ 500 ውሰዱ። የአየር ርቀቱ 254 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ይመጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሲጨመርበት አንድ ሰዓት፣ ቲኬቱ ላይ ያለውም ከዚሁ አይርቅም። እዚህ ላይ እንግዳ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ፤ ቲኬቱ ላይ ደሴ ተብሎ ቢጻፍም ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ የሚነሣ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ አለበት፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም በክረምት ጉም ሲወርድ መኪናው ስለሚያዘግም ከአንድ ሰዓት ያነሰ አትመድቡ።

ረጅም በረራ ላይ ነፋስም ይገባል። ከምድር ወገብ ራቅ ባለው አካባቢ ከፍታ ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ወደ አሜሪካ መሄድ ከአሜሪካ ከመመለስ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለውም አየሩ ስስ ነው፤ ነዳጅ የሞላ ትልቅ አውሮፕላን ከባድ ጭኖ ከዚያ መነሣት ይቸግረዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ እየቀዳ፣ ሲመለስ ግን ለብዙ ዓመታት ያለ ማረፊያ ሲመጣ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የጅዳ መንገደኛ ይህ አያሳስበው። በዶሃ ወይም በዱባይ ዞሮ ጅዳ የሚገባ ቲኬት የገዛ ሰው ደግሞ የሁለቱን በረራዎች ሰዓት ለየብቻ አስልቶ በመካከል የሚጠብቅበትን ይደምር።

ሰዓቱና ቀኑ

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ በእርጋታ አንብቡ። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጆች ሰዓትና ቀን ነው። ወደ እኛ ለመመለስ እንዲህ አድርጉ፦ ከ00:00 እስከ 06:59 ያለው ላይ 6 ደምሩ፤ ከ07:00 እስከ 18:59 ካለው 6 ቀንሱ፤ ከ19:00 በላይ ካለው 18 ቀንሱ። 01:30 ከሌሊቱ 7፡30 ነው። 14:20 ከቀኑ 8፡20 ነው። 22:45 ከምሽቱ 4፡45 ነው።

ሰዓቱን በትክክል የመለሱ ሰዎች እንኳን ቀኑ ላይ ይስታሉ። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለቲኬቱ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተለውጧል። ምሳሌ ልስጥ። ቲኬቱ «ሐሙስ ጃንዋሪ 15፣ 2026፣ 01:30» ይላል እንበል። ጃንዋሪ 15 ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑም ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሲመሽ ቦሌ የደረሰ ሰው ግን አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ብቻ ቀርቶታል። በረራው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 7፡30 ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ረቡዕ፣ ጥር 6 ቀን፣ ማታ ነው።

አንድ የሰፈራችን ቤተሰብ ልጃቸውን ሐሙስ ማታ ይዘው ቦሌ ደርሰዋል። እናትየው ለስንቅ ያዘጋጁትን ዳቦ ቆሎ እንደታቀፉ በር ላይ «በረራው ትናንት ነበር» ተባሉ። ለአዲስ ቲኬት ያወጡት ገንዘብ የልጅቱን የብዙ ወራት ደመወዝ ቀድሞ በላው። ያ ቤተሰብ አላዋቂ አልነበረም፤ ቀኑን እንደ ተጻፈው አንብቦ እንደ ለመደው ቆጠረው እንጂ። ስለዚህ ተጓዡ የሚይዘው ወረቀት ላይ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉለት። ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ማንኛውም ቲኬት ይህን ይፈልጋል፤ ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ ደግሞ በሌሊት ናቸው። ቀን ስትለውጡም በቃል አትቁጠሩ፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች በማግሥቱ ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት ልዩነቱ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ያተመ የግድግዳ ካላንደር እዩ።

ቀጥሎ የአገሮቹ የሰዓት ልዩነት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ አንድ ሰዓት አላቸው፤ ሁለቱም ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማሉ። 01:30 የተነሣው አውሮፕላን ጅዳ የሚያርፈው በዚያው አገር ሰዓት 03:45 ገደማ ነው። ጅዳ ያለ ወንድም ከሥራው ጋር የሚጠቀመው የፈረንጆቹን ሰዓት ስለሆነ «ዘጠኝ ከአርባ አምስት ላይ ተቀበላት» ብትሉት ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ሊመስለው ይችላል። ሁለቱንም ጻፉለት። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ በመነሻውና በመድረሻው መካከል ቲኬቱ ላይ የሚታየው ልዩነት ሲሄዱ አምስት ሰዓት፣ ሲመለሱ ሦስት ሰዓት ይመስላል፤ በረራው ግን ሲሄዱም ሲመለሱም አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቤይሩት በክረምታቸው ከእኛ አንድ ሰዓት ትዘገያለች፤ በበጋቸው ሰዓታቸውን ስለሚገፉት እኩል እንሆናለን።

ወደ ኋላ መቁጠር

ከደሴ መቼ እንደምትነሡ ለማወቅ ከበረራው ሰዓት ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የምሳሌያችን በረራ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 7፡30 ነው። ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስለሚገባ ከምሽቱ 4፡30 ቦሌ በር ላይ ትሆናላችሁ። ሻንጣ የሚቀበለው መስኮት ብዙ ጊዜ በረራው አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል፤ ከፊቱ ደግሞ የፍተሻ ሰልፍ አለ። ስለዚህ ሦስቱን ሰዓት አትሸራርፉ።

ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ረቡዕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከመናኸሪያ የተነሣ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይገባል፤ በወረቀት ላይ ጊዜው ተርፎ ይታያል። እኔ ግን ማንንም በዚያው ቀን አላስነሣም። ከኮምቦልቻ እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ደኅና ቢሆን እንኳን ጣርማ በር ላይ አንድ ከባድ መኪና ቢገለበጥ ሰዓቱ ሁሉ ያልቃል፤ የደብረ ሲናን ዳገት በጉም የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማክሰኞ ጥር 5 ንጋት ላይ ተነሡ፤ ማታ ዘመድ ቤት ወይም ሆቴል እደሩ፤ ረቡዕ እረፉ። ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ቀንም መናኸሪያ ሄዳችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በአውሮፕላን ከኮምቦልቻ ለመነሣት ካሰባችሁ ቲኬቱን አስቡበት። ከኮምቦልቻ እስከ ጅዳ በአንድ ቲኬት ከተገዛ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍራችኋል፤ ሻንጣችሁም እስከ ጅዳ ሊላክላችሁ ይችላል፤ ስትመዘገቡ አረጋግጡ። ሁለት ለየብቻ የተገዙ ቲኬቶች ከሆኑ ግን ጉዳቱ የእናንተ ነው። የክረምት ደመና ኮምቦልቻ ላይ ሲተኛ በረራ ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ሁለት ቲኬት የያዘ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ ይብረር።

ለሐጅና ለዑምራ የምትሄዱ ወላጆቻችን አንድ ነገር ጨምሩ። ሚቃቱ፣ ማለትም ተጓዡ ለሐጅ ወይም ለዑምራ ተዘጋጅቶ ሊያልፈው የሚገባው ወሰን፣ የሚታለፈው በአየር ላይ፣ አውሮፕላኑ ጅዳ ከማረፉ በፊት ነው። በረራው ሁለት ሰዓት ከሩብ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያም ላይ መነሻውና ማረፊያው ቀበቶ ታስሮ የሚታለፍ ስለሆነ፣ በመካከል ጠባቧ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ልብስ እለውጣለሁ ማለት ያስቸግራል። ብዙዎች ኢሕራማቸውን፣ የሥርዓቱን ልብስ፣ ለብሰው የሚሳፈሩት ለዚህ ነው። ኒያው (ሥርዓቱን ለመጀመር በልብ መወሰኑ) መቼ እንደሚደረግ ከመነሣታችሁ በፊት ከሚያስተምሯችሁ ዑለማ ጠይቁ፤ ሰዓቱን ግን ከላይ ባለው ሒሳብ ራሳችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ። አውሮፕላኑ ከተነሣ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆነው ዝግጁ ሆናችሁ ተቀመጡ።

ተቀባዩ ደግሞ አውሮፕላኑ ባረፈበት ደቂቃ በር ላይ ሰው አይጠብቅ። የፓስፖርት ምርመራና የሻንጣ ጥበቃ አለ፤ ከማረፊያው ሰዓት ላይ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩለት። በመመለሻውም ሒሳቡ ያው ነው፤ ጅዳና ቦሌ አንድ ሰዓት ስላላቸው ሁለት ሰዓት ከሩብ ብቻ ደምሩ። ቦሌ ከሰዓት በኋላ የገባ ሰው ግን ያን ቀን ደሴ ለመግባት አይነሣ፤ አዲስ አበባ አድሮ በማግሥቱ ንጋት ላይ ከመናኸሪያ ይሳፈር፤ ከኮምቦልቻ በኋላ ያለውን የሐረጎ ዳገት በብርሃን ይወጣዋል።